ሣር የሚያጥበው ባሌ

ባሏ ጡረታ የወጣ ሴት የምናገረው ይገባታል። ወንድ ልጅ ሥራ ላይ ሳለ ቤቱን የሚያየው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ ዕለት ግን ወንበር ስቦ ቁጭ ይልና ቤቱን መመርመር ይጀምራል። ጉዱም ከዚያ ይፈላል። ሃያ ምናምን ዓመት የኖረበት ግድግዳ ድንገት ይጣመምበታል። ቁም ሣጥኑ ያለቦታው የቆመ ይመስለዋል። ጨው ለምን እዚህ ይቀመጣል ብሎ ስብሰባ ይጠራል። የጨውን ቦታ ያወቀው ባለፈው ሳምንት የሆነ ሰው፣ ስለ ጨው አቀማመጥ ሐሳብ የመስጠት መብቱን ከየት አመጣው? እኔም ባሌን ይህንኑ ጠየቅሁት። ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ።

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጨውን እንዳሻው ያድርገው ብዬ ብተወው ኖሮ ሣሬ ይተርፍ ነበር።

ባሌ አቶ ዓለምነው ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የግብርና ባለሙያ ነበር። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም፣ በእግሩም በበቅሎም በሞተር ሳይክልም እየዞረ፣ ገበሬውን «አፈራችሁን ጎርፍ ሳይወስደው ሣር ትከሉ» ሲል የኖረ ሰው ነው። በሠርጋችን ሰሞን፣ መልስ ተጠርተን ዳንግላ አባቴ ቤት ስንሄድ፣ ከተማ ተወልደው ከተማ ያረጁ አክስቶቼን ሰብስቦ የሣር ሥር አፈርን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ጣቶቹን እያቆላለፈ ያስረዳ ሙሽራ እሱ ነው። አክስቶቼ ለብዙ ዓመት ሲስቁበት ኖረዋል። እኔ ግን ያን ቀን ነው የወደድኩት፤ ለአፈር የሚያዝን ሰው ለሚስት አያዝንም አይባልም ብዬ።

እንግዲህ ግቢዬ ውስጥ የላስቲክ ሣር ያነጠፈው ይኸው ሰው ነው።

ንዴቴ አስቀደመኝ እንጂ በወጉ መጀመር ነበረብኝ። እኛ የምንኖረው እንጅባራ ነው። እንጅባራ ደግሞ ሣር ተለምኖ የሚበቅልበት አገር አይደለም። ዝናቡ አንዴ ከገባ መውጫውን ይረሳል፤ ሣሩም በአጥር ሥር፣ በድንጋይ መሐል፣ በተጣለ ጆንያ ላይ ሳይቀር ይበቅላል። የእኛ ግቢ ወፍራም ሰርዶ ነበረው። በዳር በዳሩ እኔ በእጄ የተከልኩት ጠጅ ሣር፣ ጤና አዳምና በሶብላ ነበር። በሩ ጥግ ደግሞ ውቢት ነበረች።

ውቢት ውሻችን ናት። ኋላ ላይ ስለተከሰሰች ስለ ጠባይዋ ትንሽ መመስከር አለብኝ። እኅቴ ከግምጃ ቤት ከተማ በቅርጫት ይዛልኝ ስትመጣ ከእንቅብ የማትበልጥ ቡችላ ነበረች። ይኸው ሰባት ዓመት በር ስትጠብቅ ሰው ነክሳ አታውቅም፤ ማን ላይ መጮህ፣ ማንን ዝም ማለት እንዳለባት ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። አንዲት ጥፋት ብቻ አለባት። በክረምት አራት እግሯን ጭቃ ለውሳ በረንዳ ላይ ትወጣለች። ቤት ግን አትገባም። ቡችላ ሳለች አንድ ቀን የሳሎኑን ምንጣፍ ብትረግጥ ዓለምነው በመጥረጊያ አባረራት። ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ የሚመስል ነገር ካየች ዞራ ነው የምታልፈው።

ነገሩ የተጀመረው ባሌ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ልጅ ስታገባ ባሕር ዳር ሄዶ ሲመለስ ነው። ከሠርግ የተመለሰ ሰው ስለ ሙሽራዋ ያወራል፣ ስለ ምግቡ ያወራል። የእኔው ባል እራት ልንበላ ስንቀመጥ ከኮቱ ኪስ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ አውጥቶ ወጡ አጠገብ አስቀመጠ። ንኪው አለኝ። ነካሁት። የጫማ ብሩሽ ይመስላል አልኩት። ተቀየመ።

ሠርጉ የነበረበት ሆቴል ግቢው በሙሉ በዚህ የተነጠፈ ነው አለ። አይታጨድም፣ አይጨቀይም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው አለ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ! ይህን የሚለኝ እንጅባራ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩና ውጭውን አሳየሁት። የዚያኛው ሥሩ ጭቃ አለው አለኝ። የሣር ሥር አፈርን እንዴት እንደሚይዝ ለአክስቶቼ ያስተማረው ሰው፣ አሁን አፈር ስላለው ሣርን ከሰሰው።

ውቢትስ ብዬ ጠየቅኩት። ሻጩን አነጋግሬዋለሁ፣ ለውሻ በጣም ተስማሚ ነው፣ ቀዳዳ ስላለው ወደ ታች ያሳልፋል አለ። ወደ ታች የት? አልኩት። ትንሽ አሰበና «ወደ ታች» አለኝ።

አይሆንም አልኩ። እሺ አለ። ይህን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ የእሱ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ አለማወቄ የራሴ ጥፋት ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ፣ ግቢው ደርቆ፣ የመጀመሪያው ፈተና ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ስፈትን ውዬ ስመለስ፣ ለስላሳው ግቢዬ የለም። በሩን ስከፍት ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከአጥር እስከ አጥር የቢሊያርድ ጠረጴዛ የመሰለ ነገር ተነጥፏል። ጠጅ ሣሬ ከነሥሩ ተነቅሎ ቆሻሻ መጣያው ላይ ተጋድሟል፤ ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ ጎልማሳ ነጋዴ ማጣበቂያውን ከእጁ እየላጠ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። ባሌ በረንዳው ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ችግኝ ጣቢያ ሊጎበኝ የመጣ ባለሥልጣን ነው የሚመስለው።

ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ነጋዴው ግን ሥራውን ሳይጨርስ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ጎረቤት ሊያይ መጣ። እትዬ የሺ፣ በአጥር የምንዋሰናቸው አሮጊት፣ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ቧጨሩትና «ደግሞ ይህን ምን ይሉታል?» ብለው ጠየቁኝ። ሣር ነው አልኳቸው። አዩኝና እግዜር ይማርሽ አሉኝ። በጋቸው ተከትላቸው ገብታ አንዴ ነከሰች፣ አኘከች፣ ተፋችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ነኝ ያነጠፍኩት? እሱን አታይም?

አሁን ወደ ውቢት ልመለስ። ውቢት ያን ማታ ከማረፊያዋ ወጥታ ወደ ሣሩ መጣች፣ አሸተተች፣ ቆመች። ምንጣፍ ነው። ምንጣፍ ደግሞ ክልክል ነው። በግንቡ ሥር በቀረው አንድ ስንዝር የሲሚንቶ ጠርዝ ጎኗን እያሸች ዞራ ተመለሰችና ተኛች። በማግስቱም እንደዚያው። ዓለምነው ተደሰተ። ሥልጡን ናት አለ። እኔ ግን የሕይወት ሳይንስ ነው የማስተምረው፤ ይህች ውሻ ከትናንት ጀምሮ ሽንቷን እንዳልሸናች ገባኝ። በሁለተኛው ቀን እግሮቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ለእሷ የተፈቀደ መሬት አልነበረማ።

ገመድ አንገቷ ላይ አሠርኩና ወደ ሜዳው ይዣት ወጣሁ። እንጅባራ ውስጥ ውሻ በገመድ ይዞ የሚሄድ ሰው ወይ ሊሰጣት ነው፣ ወይ አብዳ ሊያስገድላት ነው። በአስፋልቱ ዳር ስሄድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። የቀድሞ ተማሪዬ ባጃጁን አቁሞ «ቲቸር፣ ታማ ነው?» አለኝ። አልታመመችም፣ ሽንቷ መጥቶ ነው አልኩት። «እቤት ቦታ የለም እንዴ?» አለ። ቦታማ አለ፣ ሣር አንጥፈንበት ነው አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። እንዳዘነልኝ ግን ፊቱ ላይ አየሁ።

እንዲህ እያልን አንድ ሳምንት ያህል ከረምን። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ውሻ አስሸናለሁ። በመጨረሻ ዓለምነው ራሱ አፈረ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሣሩ መሐል ቁጢጥ ብሎ «ነይ ውቢት፣ ነይ የኔ እመቤት» እያለ ለመናት። ዳቦ አሳያት። መጀመሪያ አንድ እግሯን አስቀመጠች፤ መጥረጊያ እንደሌለ አይታ ሁለተኛውን ጨመረች። መሐል ደርሳ ዳቦውን በላችና፣ ያን ሁሉ ቀን የተጨነቀችበትን ጉዳይ እዚያው ጨረሰች። ዓለምነው አጨበጨበ። «ይኸው፣ ወደ ታች አለፈ» አለኝ።

አለፈ። ግን የት ሄደ? እውነተኛ አፈር ቢሆን ይመጠው ነበር፤ ዝናብ ያጥበው፣ ፀሐይ ያደርቀው ነበር። ይኼ ግን ላስቲክ ሥር ገብቶ ቁጭ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ፣ ጥላ ሥር የሚበርድበት ፀሐይ ላይ የሚያቃጥልበት የእኛ አገር በጋ ሲገባ፣ ላስቲኩ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ከሥሩ የሚወጣው ሽታ ደግሞ እንግዳ ከበር ይመልሳል። እትዬ የሺ በአጥራቸው በኩል ያለውን መስኮት ዘጉ። መርዝ ረጭታችሁ ነው እንዴ ብለው በአክብሮት አስጠየቁን።

የመፍትሔ ሰው የሆነው ባሌ ሣሩን ማጠብ ጀመረ። እንደ ቀልድ አትስሙኝ። ጠዋት ጠዋት በባልዲ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙና፣ በረጅም መጥረጊያ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ሣር ያጥባል። ጭቃ እንዳይኖር ብሎ ያመጣው ነገር በየቀኑ አረፋ ላይ አስቆመው። የመንደሩ ሰው ወደ ሥራ ሲያልፍ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያየዋል። ታዲያ እንደ ጥፋተኛ የታየችው ማን መሰለቻችሁ? ውቢት። ነጋዴው ተጠርቶ መጣ፣ አሸተተ፣ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና ጥፋቱ የውሻዋ ነው አለ። ውሻ እንዳላችሁ አልነገራችሁኝም አለ። ግቢውን ሲለካ ውቢት እግሩ ሥር ተኝታ ነበር። ለውሻ ተስማሚ ነው ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለውሻ ተስማሚ ነው ማለት ሽንት ለማይሸና ውሻ ነው አለኝ። ቃል በቃል ይህን ነው ያለኝ።

ዓለምነው ያን ዕለት እራት ላይ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ውቢትን ለታናሽ ወንድሙ ለጌትነት እንስጣት አለ። ጌትነት አዲስ ቅዳም አካባቢ ገበሬ ነው፤ ሰፊ ቦታ አለው፣ ይመቻታል አለኝ። እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለስኩት። ይህች ፍጡር መጀመሪያ አትርገጪ ተባለች፤ አልረገጠችም። ቀጥሎ በዳቦ ተለምና ርገጪ ተባለች፤ ረገጠች። አሁን ለምን ረገጥሽ ተብላ ከሰባት ዓመት ቤቷ ልትሰደድ ነው። በላስቲክ ምክንያት። ተነስቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ከባሌ ጋር የተነጋገርኩት ጨው የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ብቻ ነው።

ጌትነት በጥር፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ገመድ ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ግድ የለም አልነው። ሣሩን ከዳር እስከ ዳር አየ። ውቢት ሄዳ እጁን ላሰችው። እሱም ራሷን እያሻሸ ቀና አለና ወንድሙን በአዊኛ አነጋገረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባሌና ወንድሙ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ አማርኛ ብቻ ነው የማውቀው፤ ቢያንስ እነሱ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። እኔ እንዳልሰማ የፈለጉትን ሁሉ በአዊኛ ያወራሉ። ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ግን ቋንቋው ገብቶኝ ነበር። ያልነገርኳቸው ስላልጠየቁኝ ነው። በዚህ መንገድ ስለ እናቴ፣ ስለ ወጤ አሠራርና ስለ አጎቴ መሬት ባሌ ምን እንደሚያስብ በየጊዜው ሳውቅ ኖሬያለሁ።

ጌትነት የጠየቀው «ጋሼ፣ ታመሃል እንዴ?» ብሎ ነበር። ዓለምነው ውሻዋ አስቸገረችን አለ። ጌትነት በርከክ ብሎ ሁለት ላስቲክ የተጋጠመበትን ቦታ በጣቱ ገለጠ። ከመሐሉ ሦስት አራት ቀንበጥ ሰርዶ ብቅ ብሏል። ወዲያ ማዶም ነበር፤ በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹም ነበር። ባሌ ሁለት ወር ሙሉ ሣር አጠብኩ ሲል፣ ለካ ከሥር የቀረውን ሰርዶ ውሃ ሲያጠጣ ነው የከረመው። ጌትነት ቀንበጧን ሳይነቅል በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ሥሩ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ጎርፍም አይፈታው ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ። እኔ አንተን ሰምቼ ነው ማሳዬን ያተረፍኩ። አሁን ለዚህ ብለህ ነው ውሻዋን የምትሰዳት?» አለው።

ዓለምነው ፊቱ ተለወጠ። ቢሆንም ወንድ ልጅ በታናሹ ፊት ወዲያው አይሸነፍም፤ ዝም ብለህ ገመዱን እሰርላትና ውሰዳት፣ እሷ ለሁለት ቀን አኩርፋ ትተወዋለች አለ። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ በአዊኛ፣ አነጋገሬ እንደተሰባበረ፣ «ውቢትን የሚወስድ እኔንም አብሮ ይውሰደኝ፤ ደግሞ ሁለት ቀን አይበቃኝም» አልኩ።

ጌትነት ገመዱን ከእጁ ጣለ። የባሌ ዓይን ወደ ሩቅ ሄደ፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ፊቴ ተቀምጦ በአዊኛ ያለውን አንድ በአንድ እያስታወሰ መሆኑን አወቅኩ። እናቴ ጋ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። «መቼ ነው የለመድሽ?» አለኝ በቀጭን ድምፅ። ቆይቷል አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ውቢት መሄድ የተነሳ ነገር የለም። የላስቲኩን ጫፍ መጀመሪያ የያዘውና የገለጠው ራሱ ዓለምነው ነው።

ከሥር ሰርዶው ገርጥቶ፣ ተጨፍልቆ፣ ግን እንደተያያዘ ተኝቷል። ባሌ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም። ውቢትም ሄዳ አጠገቡ ቆመች፤ እሱም እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ይቅርታ የሚባል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም፤ በአማርኛም በአዊኛም።

ጌትነት ላስቲኩ ካልተፈለገ የከሰል ጆንያዎቹን ከዝናብ እንዲከልልበት ጠየቀ። ውሰደው አልነው። ጠቅልሎ፣ ለውሻ ባመጣው ገመድ አስሮ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሄደ። እኔም ጠጅ ሣር ከእኅቴ አስመጥቼ ተከልኩ።

ለፋሲካ እነ ጌትነት ጠርተውን አዲስ ቅዳም ሄድን። ባለቤቱ ማዘንጊያ ጎበዝ ሴት ናት። ለካ ላስቲኩ የከሰል ጆንያ ላይ አልደረሰም፤ ገና እንደመጣ ከባሏ ቀምታ፣ አዲስ አስመስላ አጥባ፣ ከቤቷ ደጃፍ ዙሪያውን በድንጋይ አስይዛ አንጥፋዋለች። ግራና ቀኙ እስከ ወንዙ ድረስ የሚተኛ ለምለም ሣር ነው፤ ከብቱ ተኝቶበታል። ዓለምነው ሊገባ እግሩን ሲያነሳ ማዘንጊያ ፈጠን ብላ ወጣችና፣ በትሕትና ግን በጥብቅ፣ «ጋሼ ይቅርታዎን፣ ጫማዎን እዚህ ያውልቁልኝ» አለችው። አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር።

በሚኒባስ ስንመለስ ዓለምነው ፈነዳ። እንዲህ ያለ አገር ላይ፣ በሣር መሐል ተቀምጦ፣ ገበሬ ላስቲክ ያነጥፋል ወይ አለ። አፈሩስ ምን ይተንፍስ፣ ውሃውስ የት ይግባ አለ። እነዚህን ሰዎች ማን ነው እንዲህ የሚመክራቸው አለ። ተሳፋሪው ሁሉ እውነት ነው አለ፤ ሾፌሩ እንኳ ዞሮ ራሱን ነቀነቀለት። እኔ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ አገኘሁት። «በገጠር ቀበሌዎች እየተስፋፋ ስላለው የላስቲክ ሣር አደገኛነት» ይላል ርእሱ። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ፊደሉን እይልኝ ብሎ ሰጠኝ። ፊደሉ ደህና ነው፣ ግን እስካሁን በስንት ቤት ነው የተስፋፋው ብዬ ጠየቅኩት።

«ለጊዜው በአንድ» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።